የሶባ ገበሬ ከምክር ቤት የሚጠብቀው ቃል

ከሰከላ ምድር ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ውኃ የጎጃምን ቈላ ዞሮ፣ በጉባ አልፎ፣ ከሮዜሬስና ከሴናር ግድቦች ወጥቶ ወደ ካርቱም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሶባ የምትባለውን ስፍራ ያገኛል። ሶባ በጥንት ዘመን የዓልዋ የክርስቲያን መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ግን በካርቱም ክልል ውስጥ ያለች፣ ከፊሉ ኗሪዋ ከተሜ ከፊሉ ገበሬ የሆነ ስፍራ ናት። በወንዙ ዳር ያለው መሬት ሙላቱ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ይዘራል። ከፍ ያለው ማሳ ደግሞ በውኃ መሳቢያ መኪና እየጠጣ አትክልትና የከብት መኖ ያበቅላል። ገበያው ቅርብ ስለ ሆነ የሶባ ገበሬ ከሩቅ አገር ገበሬ ይልቅ የታደለ ይመስላል። ቅርበቱ ግን ለገበያው እንጂ ለምክር ቤቱ አልሆነለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2019 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች የሱዳን ዘመን ሁሉ በዚሁ ነው) በሚያዝያ ወር የፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽር መንግሥት ሲወድቅ የአገሪቱም ምክር ቤት የየክልሉም ምክር ቤቶች ተበተኑ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የተፈረመው የሽግግር ሰነድ፣ አባላቱ ከ300 የማይበልጡ፣ ከመቶ 40 እጅ ያላነሰው ቦታ ለሴቶች የተጠበቀ፣ የሽግግር ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ90 ቀን ውስጥ እንዲቋቋም ያዝዝ ነበር። 90ው ቀን አለፈ፤ ዓመቱም አለፈ። በጥቅምት 2021 የጦር ሹማምንት ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ፤ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሁለት የታጠቁ ኃይሎች መካከል ጦርነት ተነሣ፤ ምክር ቤቱም እስከዚያች ቀን ድረስ አልተቋቋመም። ከ2019 በፊት የነበረው ምክር ቤት አንድ ፓርቲ የገነነበት ስለ ነበረ፣ ያ ቀረብን ብሎ የሚያለቅስ ሰው አይበዛም። ይሁን እንጂ ባዶ ወንበር ለገበሬ ጥቅም አይሰጠውም። የሶባ ገበሬ ያጣው ስለ እርሱ የሚናገርለትን እንደራሴ ብቻ አይደለም፤ ተናግሮ ሲያበቃ ወደ እርሱ ተመልሶ የሆነውን የሚነግረውን ሰውም አጥቷል። ስለ ፊተኛው ጕድለት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሁለተኛው ግን የሚናገር ጥቂት ነው።

ይህ የፖለቲካ ሰዎች ጉዳይ እንጂ የእርሻ ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር የሶባን አፈር ይመልከት። የሱዳን የእርሻ ምርምር ድርጅት ጨው ያጠቃውን መሬት የሚያጠና ጣቢያ ያቆመው በዚያ ነው፤ ስፍራውም በከንቱ አልተመረጠም። ከወንዙ ራቅ ያለው መሬት ሸክላማ ሆኖ በብዙ ቦታ ጨውና ሶዲየም የበዛበት ነው። ሶዲየም በሸክላው ቅንጣት ላይ ሲጣበቅ ቅንጣቶቹ መያያዛቸውን ትተው ይበተናሉ፤ በመካከላቸው ያለውም ቀዳዳ ይደፈናል። ስለዚህ ውኃው ከላይ ተኝቶ በፀሐይ ይተንናል እንጂ ወደ ሥሩ አይወርድም፤ መሬቱም ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ገበሬው አጠጣሁ ብሎ ወደ ቤቱ ሲገባ ተክሉ በውኃ ጥም ይሞታል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጄሶ ተበትኖ ከአፈሩ ጋራ ሲደባለቅ በውስጡ ያለው ካልሲየም የሶዲየሙን ቦታ ይይዛል፤ የተፈናቀለው ሶዲየም በብዙ ውኃ ታጥቦ ከተክሉ ሥር በታች ይወርዳል፤ ለታጠበውም ውኃ መውጫ ቦይ ይቈፈርለታል። ፍግ መጨመርና አስቀድሞ ጨው የሚችል ተክል መዝራትም ይረዳል። ይህ ሁሉ በአንድ ክረምት የሚያልቅ ሳይሆን ዓመታት የሚፈልግ ሥራ ነው። እንግዲህ ገበሬው ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ጄሶውን በምን ዋጋ ያገኘዋል? ውኃውን የሚስበው መኪና የሚጠጣው ናፍጣስ ዋጋው የሚወሰነው የት ነው? የመውጫው ቦይ የጎረቤትን ማሳ ሲያልፍ ዳኛው ማን ነው? ከሁሉ ይልቅ ደግሞ፣ መሬቱ ከዳነ በኋላ ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኖ እንዳይወሰድበት ምን ዋስትና አለው? ካርቱም በየዓመቱ ወደ እርሻው እየገፋች የመጣች ከተማ ናትና ይህ ጥያቄ የቅዠት አይደለም። ከእነዚህም ነገሮች አንዱ እንኳ በገበሬው ክንድ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። የምርምር ጣቢያው ስለ አፈሩ ሊያስተምረው ይችላል፤ ስለ ናፍጣውና ስለ መሬቱ ሕግ ግን መልስ ያለው በምክር ቤት አዳራሽ ነው።

የናፍጣውን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በሰኔ 2021 የሱዳን መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ ላይ የነበረውን ድጎማ ፈጽሞ አነሣ። ምክንያት አልነበረውም አይባልም። አገሪቱ የቆየ የውጭ ዕዳዋ እንዲቀነስላት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትና ከዓለም ባንክ ጋራ የተስማማችበት የለውጥ ሥራ ክፍል ነበረ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ዕዳው ወደሚቃለልበት ደረጃ መድረሷ ታወጀ። ውሳኔው ልክ ነበረ፣ አልነበረም እያሉ መከራከር ይቻላል። ሊካድ የማይችለው ግን ምክር ቤት ስላልነበረ ሕግን የሚያጸድቁት የሉዓላዊው ሸንጎና የሚኒስትሮች ጉባኤ በአንድነት ተቀምጠው እንደ ነበረ ነው። ስለዚህ የሶባ ገበሬ ነገሩን የሰማው ከወከለው ሰው ሳይሆን ከነዳጅ ቀጂው ነው። «ዕዳችን ሊቃለል ስለ ሆነ ይህን መራራ ነገር ተቀብለናል፤ ለእርሻ መኪና የሚሆን ናፍጣ በተለየ ዋጋ እንዲሰጥ ጠይቄ ይህን ያህል ተፈቅዶልኛል፤ ይህን ያህል ተከልክያለሁ» ብሎ በጥላ ሥር ቆሞ የነገረው አንድም ሰው አልነበረም። ዋጋው በዚያ ነገር አይረክስም ነበር። ገበሬው ግን ግማሹን ማሳ ለመኖ፣ ግማሹን ለሽንኩርት ያድርገው፣ ወይስ አንዱን ክፍል ለዚህ ዓመት ጦም ይተወው፣ አስቀድሞ ሊያስብበት በቻለ ነበር።

በ10ኛው መቶ ዓመት ከግብጽ ወደ ኖባ የተላከው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ ስለ ሶባ የጻፈው፣ በኋላም አል ማቅሪዚ በመጽሐፉ ያቆየው ወሬ አለ። የሶባን መልካም ሕንፃዎች፣ ሰፋፊ ገዳማት፣ ወርቅ የበዛባቸውን አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ቦታዎች ካመሰገነ በኋላ፣ የሕዝቡ እህል ነጭ ማሽላ እንደ ሆነ፣ ከእርሱም እንጀራቸውንም ጠላቸውንም እንደሚያወጡ ይናገራል። ለእርሻ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን ስለ ዘር ጊዜ የተነገረው ተረት ነው። ገበሬው በማሳው አራት ማዕዘን ጥቂት ዘር ይዘራል፤ የቀረውን ዘርና ጥቂት ጠላ በመካከል አኑሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በነጋው ሲመለስ ማሳው ተዘርቶ፣ ጠላውም ተጠጥቶ ያገኘዋል። ይህን የሚሠሩ መናፍስት ናቸው ይባል ነበር። ሕግና ትእዛዝ ለሶባ ገበሬ ብዙ ጊዜ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው ቢባል ነገሩን ማጋነን አይሆንም፤ ሌሊት ማን እንደ ዘራው ሳይታወቅ ጧት በቅሎ ይገኛል። የጠላውን ዋጋ የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ ባለማሳው ነው።

እንዲህ ያለው የሌሊት ዘር ምን እንደሚያፈራ ሶባ ራሷ አይታለች። ሶባ አራዲ የሚባለው ሰፈር ከጦርነትና ከችግር ሸሽተው ከሌላው የሱዳን ክፍል የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት ነበር። በግንቦት 2005 የመንግሥት ሰዎች ኗሪዎቹን ወደ ሌላ ስፍራ ሊያዛውሩ በመጡ ጊዜ ግጭት ተነሣ፤ ፖሊስ ጣቢያ ተቃጠለ፤ ከፖሊሶችም ከኗሪዎችም ብዙ ሰው ሞተ። የከተማ ፕላን መለወጥ በየትም አገር ያለ ሥራ ነው። ሆኖም የት እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚሄዱ፣ በሚሄዱበትም ስፍራ ውኃና ትምህርት ቤት መኖር አለመኖሩን የሚያምኑት ሰው ቀርቦ ካልነገራቸው፣ ለሰዎች የሚታያቸው የጭነት መኪናው ብቻ ነው። የጭነት መኪና ደግሞ ጥያቄ አይቀበልም።

አሁን ጊዜው የስብሰባ ጊዜ አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ክብደትም አለው። ጦርነቱ በካርቱም ዙሪያ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በመጋቢት 2025 የአገሪቱ ጦር ከተማዪቱን መልሶ ሲይዝ ተፈናቃዩ ወደ ቤቱ መመለስ ጀመረ። የተመለሰውም ያገኘው ባዶ ቤት ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። በታኅሣሥ 2023 ዋድ መዳኒ በተያዘች ጊዜ በዚያ የነበረው የአገሪቱ የዘር ማከማቻ ተዘርፏል፤ የማሽላው ዘር ጨርሶ እንዳይጠፋም ከተረፈው ውስጥ በ2025 መጀመሪያ ወደ ሰሜን ዋልታ አጠገብ፣ በስቫልባርድ ወዳለው የዓለም የዘር ጎተራ ተልኮ ተቀምጧል። እንዲህ በሆነበት አገር ውስጥ መኪናና ዘር ይቅደም፤ ንግግር ይቆይ ማለት ከርኅራኄ የመጣ ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን መኪናና ዘር ሲመጣ ለማን ተሰጠ፣ በምን ሒሳብ ተሰጠ፣ ለማንስ ቀረ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። መልስ የሌለው ዕርዳታ ከዕጦት ይልቅ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል።

የሱዳን ታሪክም ለዚህ ምስክር ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1955 የአገሪቱ ነጻነት በምክር ቤት እንዲታወጅ ሐሳቡን ያቀረበው፣ አብዱ ራሕማን ዳብካ የተባለው ከኒያላ ወገን የከብት አርቢዎች አውራጃ የተመረጠ እንደራሴ ነው። ከባላገር የመጣ ሰው በዚያ ቀን በምክር ቤት ያን ቃል መናገሩ ያኮራል። ነገር ግን ነጻነቱ በጥር 1 ቀን 1956 ታውጆ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በየካቲት፣ በነጭ ዓባይ ዳር በጆዳ የጥጥ እርሻ ገበሬዎች የጥጣቸው ሒሳብ እንዲታሰብላቸው ጠይቀው ከፖሊስ ጋራ ተጋጩ፤ ከዚያ በኋላ ከተያዙት ውስጥ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ በኮስቲ በአንድ ክፍል ታጉረው በአየር እጦት ሞቱ። ምክር ቤት በዋናው ከተማ ተከፍቶ ነበረ፤ ከምክር ቤቱ እስከ ጆዳ የሚሄደው መንገድ ግን አልተከፈተም ነበር። ስለዚህ ስብሰባው ይቆይ የሚል ሰው፣ ያ ዝምታ ያስከፈለውን ዋጋ አብሮ መቍጠር ይገባዋል።

በኢትዮጵያ ይህ መንገድ ቢያንስ በጽሑፍ ተከፍቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ54ኛው አንቀጽ፣ የምክር ቤት አባል የመራጩን አመኔታ ሲያጣ በሕግ መሠረት ከቦታው ሊነሣ እንደሚችል ይደነግጋል። በ58ኛው አንቀጽም የምክር ቤቱ የሥራ ጊዜ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ቀን እንደ ሆነ፣ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት ሊወሰድ እንደሚችል ይናገራል። እንደራሴዎቹም በዕረፍታቸው ጊዜ ወደ መረጣቸው ሕዝብ ወርደው ይሰበስባሉ። ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ወራቱ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ሰኔ 30 ቀን የተዘጋ ምክር ቤት አባሉን ወደ ባላገር የሚልከው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በዚያን ጊዜ ገበሬው ከጭቃ ውስጥ ነው፤ ወይ ጤፍ ይዘራል ወይ አረም ይነቅላል። ከማሳው ጠርቶ በአዳራሽ ማስቀመጥ የአንድ ቀን ሥራ ማስፈታት ነው። በመካከል የሚሰጠው የአንድ ወር ዕረፍት አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ሲውል ግን ሰውም ይገኛል፤ ለሚመጣው ክረምት ማዳበሪያ ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚለው ጥያቄም በጊዜው ይጠየቃል። በከተማ የሚኖር ሕግ አርቃቂ ይህን ቢረሳ አይፈረድበትም፤ የገበሬ እንደራሴ ግን መርሳት የለበትም።

ሳይነገር የወጣ ሕግ የሚያመጣውንም ጎጃም በ1960 ዓ.ም. አይቷል። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በምክር ቤት የታየ ነበረ፤ አሳቡም ግብሩ በገቢ መጠን እንዲሆን ነበረ። ወደ ብዙው ባላገር የደረሰው ግን በእንደራሴ አንደበት ሳይሆን በገማች እግር ነበር። በሞጣ፣ በቢቸናና በደጋ ዳሞት ሕዝቡ መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው ብሎ ተነሣ፤ ጦርም ተላከበት። በመጨረሻው መንግሥት ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴን ከስፍራው አንሥቶ፣ ውዝፉንም ግብር ምሮ ነገሩን አበረደ። ዐዋጁ ሲረቀቅ የጎጃም ሰው ምን እንደሚያስብ ተጠይቆ፣ ከወጣም በኋላ ምን ማለት እንደ ሆነ በየደብሩ ቢነገረው ኖሮ ሁሉም ይቀበለው ነበር ማለት አይቻልም። ጠቡ ግን በጥይት ከመሆኑ በፊት በቃል በሆነ ነበር።

እንግዲህ ለሶባ የሚያስፈልገው ምን ዓይነት እንደራሴ ነው? በየአገሩ እንደ ታየው፣ ወደ መራጩ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የተሠራውን መልካም ነገር ዝርዝር ነው፤ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ይህን ያህል ክፍል ትምህርት ቤት፣ ይህን ያህል ኩንታል። ዝርዝሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ገበሬው ግን መንገዱን በእግሩ ሄዶበታልና እንደ ወሬ አይሰማውም። ከማሳው ሆኖ ሊያየው የማይችለው ነገር የተከለከለው ነገር ነው። እንደራሴው ስለ ሶባ ምን ጠየቀ? ማን እንቢ አለ? ምን ብሎ እንቢ አለ? ደግሞስ ለመቼ ተቀጠረ? እንቢታን ከነምክንያቱ ይዞ ወደ ሕዝብ ፊት መመለስ ከሁሉ የሚከብድ የእንደራሴ ሥራ ነው፤ በእርግጥ የሚለይበትም በዚሁ ነው።

በዚህ ነገር የጥንቱ ዘመን እንኳ ምሳሌ አለው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ ሳለ፣ ካህናት እንዲሰጧቸው ሊለምኑ ከኖባ ስድስት ሰዎች ወደ ንጉሡ መምጣታቸውን ጽፏል። የታሪክ ሊቃውንት ስድስቱን ሰዎች የዓልዋ ሰዎች ናቸው ብለው ያስባሉ፤ በዚያ ጊዜ የፉንጅ መንግሥት በሴናር ተመሥርቶ የዓልዋ ኃይል አልቆ ነበረ። ንጉሡም እርሱ ራሱ ጳጳስ የሚያስመጣው ከእስክንድርያ ስለ ሆነ፣ ከሌላ የተቀበለውን ለሌላ ሊሰጥ እንደማይችል ነግሮ መለሳቸው። ስድስቱ ሰዎች ያን ሁሉ መንገድ ሄደው ወደ ላካቸው ሕዝብ ይዘውት የተመለሱት ይህን ቃል ነው። ካህን አላመጡም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ተስፋውን በኢትዮጵያ ላይ ጥሎ እንዳይቀመጥ የሚያደርግ እርግጠኛ ቃል ነበረ።

ምክር ቤቱ እስኪቋቋም ድረስ ሁሉ ነገር ቆሞ ይቆይ ማለት አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ በካርቱም ክልል በየሰፈሩ የተነሡት የዕርዳታ ወጣቶች፣ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎች እየተባሉ የሚጠሩት፣ ለረኃብተኛው የጋራ ወጥ ቤት አቋቁመው ብዙ ሕዝብ መግበዋል፤ በ2025 በውጭ አገር ሽልማት የተሰጣቸውም ስለዚህ ነው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ይሁን እንጂ ያሰባሰቡትን ገንዘብ ለምን እንዳዋሉት ለሰጡት ሰዎች ማስታወቅን ልማድ አድርገዋል። የተመረጠ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ሊመሰገን አይገባውም። ወደፊት የሚቋቋመው የክልል ምክር ቤትም ከባዶ ሳይጀምር ይህን ልማድ ወስዶ በሕግ ቢያጸናው ይበጀዋል።

የወንዙ ነገር ደግሞ ለቀጠሮ የማይመች ነው። በመስከረም 2020 ጥቁር ዓባይ በ1946ና በ1988 ከተመዘገበው ከፍታ አልፎ ሞልቶ፣ የሱዳን መንግሥት የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ እስከ ማወጅ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የወንዙ ጠባይ መለወጥ ጀምሯል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህን የመሰለ ግድብ የክረምቱን ሙላት ዝቅ፣ የበጋውን ውኃ ከፍ ያደርጋል። ይህም ለሶባ ገበሬ ሁለት ፊት አለው። በውኃ መሳቢያ የሚያለማው፣ ወንዙ በበጋ እየሸሸ ቧንቧውን እንዲያስረዝም ስለማያስገድደው ይጠቀማል። ሙላቱ በተወው ደለል ላይ የሚዘራው ግን ማሳው ሊጠብበት፣ ደለሉም ሊቀንስበት ይችላል፤ ያኔ ወይ መሳቢያ መግዛት ወይ ማዳበሪያ መጨመር አለበት። በአንድ መንደር ውስጥ ያሉ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ በዳር ሌላው በከፍታ ስላረሱ ብቻ፣ ከአንድ ነገር አንዱ ሊያተርፍ አንዱ ሊከስር ነው። ይህን ቀርቦ ለሁለቱም የሚያስረዳ፣ ለሚከስረው ምን ሊደረግለት እንደሚችል ተከራክሮ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል።

በ2025 መስከረም መጨረሻ ውኃው በሱዳን በወንዝ ዳር ባሉ ስፍራዎች ሞልቶ በወጣ ጊዜ፣ ግብጽ ኢትዮጵያን ወቀሰች፤ ኢትዮጵያም ወቀሳውን አልተቀበለችም። ክርክሩ በጋዜጣ ብዙ ቀን ቆየ። በወንዝ ዳር ላለ ባለማሳ ግን ከወቃሹና ከተወቃሹ ስም አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነበረ፤ ከሮዜሬስ ምን ያህል ውኃ እንደሚለቀቅ፣ ውኃውም ወደ ሶባ በስንተኛው ቀን እንደሚደርስ። ሽንኩርቱን ለመንቀል፣ መሳቢያ መኪናውን ከዳር ለማንሣት ሁለት ቀን ይበቃዋል። ያን የሁለት ቀን ወሬ ከግድቡ መሥሪያ ቤት ተቀብሎ እስከ ማሳው የሚያደርስ ደንብ እንዲወጣ መጠየቅ ለሶባ እንደራሴ የመጀመሪያ ሥራው ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብም ብዙ አያስወጣም።

ስለ ጊዜው ከሆነ፣ በዚያ አገር የክረምቱ ማሽላ የሚዘራው ዝናቡ ሲገባ በሰኔና በሐምሌ ነው፤ የበጋው አትክልት ደግሞ ሙቀቱ ሲበርድ ከጥቅምት በኋላ ይተከላል። ስለዚህ እንደራሴው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከግንቦት ሳያሳልፍ፣ ሁለተኛውን በመስከረም መጨረሻ፣ በሶባ ተገኝቶ ቃሉን መስጠት ይኖርበታል። ስፍራውም ከአዳራሽ ይልቅ በወንዙና በጨዋማው ማሳ መካከል፣ ከሁለቱም ወገን ሰው በእግሩ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ቢሆን ይሻላል፤ ከምርምር ጣቢያው የአፈር ዐዋቂ አብሮት ቢመጣም፣ ስለ ጄሶው የሚነሣው ጥያቄ ለሌላ ቀን ሳይተላለፍ በዚያው ይመለሳል።